ኮምጣጣ ኤስፕሬሶ፣ አረፋው ያልያዘ ካፑቺኖ፣ የተቃጠለ ሞካ፦ ችግርና መፍትሄ

ቡና አልጣፍጥ ሲላችሁ መጠኑንም፣ ውሃውንም፣ አፈጫጨቱንም ባንዴ አትነካኩ። የቱ እንዳስተካከለው፣ የቱ እንዳበላሸው ይጠፋችኋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ቅመሱ። እኔ ሁሌም ከአፈጫጨት እጀምራለሁ።

ኤስፕሬሶው ይኮመጥጣል

ኮምጣጣና መራራ ሲምታቱ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ መፍትሄያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ኮምጣጣው ገና ምላስ ሲነካ ምራቅ ያመጣል። መራራው ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ አፍም ያደርቃል። ለመነሻ ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ያህል ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ቢወርድ ጥሩ ነው። በ15 ሰከንድ ተንዠቅዥቆ ካለቀ፣ ውሃው ከቡናው የሚገባውን ሳይወስድ አልፏል። አድቅቃችሁ ፍጩት።

ይመራል

ጠብ ጠብ እያለ 40 ሰከንድ ከፈጀ ከመጠን በላይ ደቅቋል፤ ሸካራ አድርጉት። ሰዓቱ ልክ ሆኖም ከመረረ ቡናው ሲቆላ አርሯል፣ አለዚያም ማሽኑ ላይ የቆየ የቡና ቅባት ተጋግሯል። ማሽኑን እጠቡ።

ይኮመጥጣልም ይመራልም

ይሄ ግራ የሚያጋባው ነው። የተጠቀጠቀውን ቡና ከማጥለያው አውጡና ላዩን ተመልከቱ። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለ ውሃው በዚያ በኩል ሾልኳል፤ ሌላው ቦታ በቅጡ አልራሰም። ከመጠቅጠቃችሁ በፊት የተጓጎለውን በቀጭን ሽቦ በትኑት፤ ስትጠቀጥቁም እጃችሁ ወደ አንድ ጎን አያዘንብል።

የወተቱ አረፋ እንደ ሳሙና ይንኮሻኮሻል

አየር በዝቶበታል፣ ወይም የገባው ዘግይቶ ነው። ቀዝቃዛ ወተት እስከ ማንቆርቆሪያው ግማሽ ገደማ ቅዱ። የማሽኑን የእንፋሎት ቱቦ ጫፍ ከወተቱ ላይ ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ችስ፣ ችስ የሚል አጭር ድምፅ መስማት አለባችሁ። የማንቆርቆሪያው ቅዝቃዜ ከመዳፋችሁ ላይ ሲጠፋ አየር ማስገባቱን አቁሙ፤ ጫፉን ጠለቅ አድርጉና ወተቱ እንዲሽከረከር ተዉት። መዳፍ መያዝ ሲያቅተው፣ ማለትም 60 ዲግሪ አካባቢ፣ ዝጉ። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይሄዳል፤ የተቀቀለ ወተት ይሸታል፤ እሱን ማዳን አይቻልም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉና ላዩ እስኪያበራ አዙሩት። ለካፑቺኖ አንድ ሳንቲሜትር ያህል አረፋ ይበቃል፤ ለላቴ ከዚያ ይሳሳል።

ማኪያቶው ወተት ወተት ይላል

ማኪያቶ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው። ነጠብጣቡ ወተቱ ነው፤ ዋናው ኤስፕሬሶው። አንድ ሁለት ማንኪያ አረፋ በቂ ነው።

ሞካው የተቃጠለ ይሸታል

ሞካ ያልኩት ምድጃ ላይ የሚጣደውን ትንሽ የቡና ማፍያ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከታች እስኪፈላ ቡናው ከላይ ይጋላል። የሞቀ ውሃ ከደህንነት ቫልቩ በታች ሙሉ፤ ቡናውን አትጠቅጥቁት፤ እሳቱን ቀንሱ። መንዶቅዶቅ እንደጀመረ አውርዱት።

ፍሬንች ፕሬሱ አተላ ይበዛዋል

ፍሬንች ፕሬስ ቡናው ከተዘፈዘፈ በኋላ በወንፊት ወደ ታች የሚጫንበት ማፍያ ነው። አተላው ከበዛ ቡናው ደቅቋል። ሸካራ ፍጩ፤ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም፣ 4 ደቂቃ። ከተጫነ በኋላ ወዲያው ቅዱት፤ እዚያው ከቆየ እየመረረ ይሄዳል።

በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈው ውሃ ውሃ ይላል

ቸኩላችኋል። ሸካራ ቡና ከ12 እስከ 18 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በረዶ የምትጨምሩበት ከሆነ ከመጀመሪያው ወፈር አድርጋችሁ ዘፍዝፉት፤ በረዶው ሲቀልጥ ያቀጥነዋል።