የሥራ ዕቅድን በወረቀት ማስፈር፦ በጣና ዳር የዓሣ ቤት ምሳሌነት

በባሕር ዳር «የራሴን ሥራ እጀምራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሐሳቡን በደብተር አስፍሮ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር ሁሉን ነገር በልቤ ይዤ ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ የምከፍለውን የቤት ኪራይ ከበጋው ገቢ ማስቀረት እንደነበረብኝ የገባኝ አከራዩ ከጠየቀኝ በኋላ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን አስቀድሞ ያሳየኝ ነበር።

ዕቅድ የሚጀምረው ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ነው። «ሕይወቴን ልለውጥ» የሚለው ምኞት ስለሆነ መድረስ አለመድረሱ አይታወቅም። በሰው ምግብ ቤት ለዓመታት ዓሣ ስትሠራ የቆየች አንዲት እኅት የራሷን ቤት ልትከፍት አስባለች እንበል። እንዲህ ብትጽፍ መልካም ነው፦ «እስከ ጥቅምት 30 ቀን በሐይቁ ዳርቻ አራት ጠረጴዛ ያለው የዓሣ ቤት እከፍታለሁ፤ ሥራው ስድስት ወር ሲሞላው ወጪው ሁሉ ተከፍሎ በወር 12,000 ብር ለራሴ ይተርፈኛል።» በዚህ አጻጻፍ ምን፣ የት፣ መቼ እና ስንት የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሰዋል።

ቀጥሎ ዛሬ በእጅ ያለው ይጻፋል፦ ጥሬ ገንዘብ፣ የዕቁብ ዕጣ የሚደርስበት ጊዜ፣ የሚያውቁት ሙያ፣ በዱቤ የሚያምንዎት ሰው፣ ያለብዎት ዕዳ። ዕዳውን ሳይደብቁ ይጻፉ፤ ደብተሩን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት።

ብዙ ሰው ቸል የሚለውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ስሌቱን ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን የሚቀረው ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት ሦስት ኪሎ ያህል ዓሣ ይገዛል። ለስሌት ያህል ያልተገፈፈው ዓሣ ኪሎው 200 ብር ነው ብንል፣ የፊሌቶው ኪሎ 600 ብር ይፈጃል፤ ለአንድ ሰሐን ጉላሽ ሩብ ኪሎ ቢገባ የዓሣው ብቻ 150 ብር ነው። እንጀራው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱና ከሰሉ 80 ብር ቢጨምሩ ወጪው 230 ብር ይደርሳል፤ ሰሐኑ በ350 ብር ቢሸጥ 120 ብር ይቀራል። እዚህ ላይ «120 ብር አተረፍሁ» ብሎ ማቆም አደገኛ ስሕተት ነው፤ ኪራዩ፣ የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ ውኃና መብራቱ ሰው ገባም አልገባም ይከፈላሉ። እነዚህ በወር 24,000 ብር ቢሆኑ፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 200 ሰሐን መሸጥ ያስፈልጋል። የታሰበው 12,000 ብር ሲጨመር ቁጥሩ 300 ይሆናል፤ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ቤት ይህ በቀን 12 ሰሐን ያህል ነው። እንግዲህ ትልቁ ግብ በየቀኑ ማታ ሊቆጠር የሚችል ሆነ ማለት ነው። እርስዎ ግን የእኔን ዋጋዎች አይውሰዱ፤ ወደ ዳርቻው ወርደው፣ ዓሣው ከታንኳ ሲወርድ የሚሸጥበትን ዋጋ በተለያዩ ቀናት ጠይቀው ይመዝግቡ።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ዐሥራ ሦስቱን ወራት በአንድ ገጽ ላይ ያስምሩ። የጣና ዳር ገበያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለምና በየወሩ እኩል ገቢ የሚጽፍ ዕቅድ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ጥር 11 ቀን ለሚከበረው ጥምቀት እንግዳ ይበዛል፤ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚጨምር የመግዣ ዋጋውም አብሮ ይወደዳል፤ የጾሙ መግቢያ ደግሞ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘመኑን የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር ማየት ያሻል። ክረምቱ ሲበረታ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ጎብኚ ይቀንሳል። ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመቱ ስለሚጀምር የግብር ክፍያና የንግድ ፈቃድ እድሳት ጉዳይ በዚያው በቀዝቃዛው ወቅት ይመጣል፤ መስከረም ደግሞ የልጆችን ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ ከጥርና ከጾሙ ገቢ ለክረምቱ የሚቀመጠው ገንዘብ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ኪራይ ሁሉ ራሱን የቻለ መስመር ሊኖረው ይገባል።

ተግባራቱን ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይጻፉ። ቤቱ ጥቅምት 30 የሚከፈት ከሆነ ፈቃዱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ በእጅ መሆን አለበት፤ ለፈቃዱ የቤቱ ኪራይ ውል ቀድሞ ይፈረማል፤ ለኪራዩ ደግሞ የዕቁቡ ገንዘብ ከዚያ በፊት መድረስ ይኖርበታል። ዕቁቡ የሚደርሰው ኅዳር ላይ ከሆነ ወይ ዕጣ ከደረሰው አባል ጋር ተነጋግሮ ተራ መለዋወጥ፣ ወይ የመክፈቻውን ቀን ማራዘም ነው።

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰውም መንገዱ ይኸው ነው። በሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነ ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ለመሆን ቢያስብ፣ በሰሐኑ ቁጥር ፈንታ የሚጎድለውን ትምህርት፣ የሚማርበትን ሰዓትና ክፍያውን ይጽፋል።

በየወሩ መጨረሻ የታቀደውንና የሆነውን ጎን ለጎን ያስፍሩ። በቀን 12 ሰሐን ታቅዶ 8 ከተሸጠ፣ ወጪው ተሸፍኖ የእርስዎ ደመወዝ እንደቀረ ወዲያው ይታያል፤ በዚያው ገጽ ላይ ምክንያቱንና በሚቀጥለው ወር የሚለወጠውን አንድ ነገር ይጻፉ። የተለወጠውን ቁጥር አይፋቁት፤ በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ከነቀኑ አጠገቡ ያስፍሩት፤ ጳጉሜን ላይ የዓመቱን ደብተር ይዘው ሲቀመጡ ግምትዎ የት የት ላይ እንደሳተ የሚያሳይዎት ያ የተሰረዘው ቁጥር ነው።