በአሜሪካ የትምህርት ቤት ቅጣት የሚታየውን የዘር ልዩነት ስንታገል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ነገሩ የአፍሪካ አሜሪካውያን ነው፣ የእኛን ልጆች አይመለከትም» ማለት ከሁሉ የሚቀድመው ስህተት ነው። በትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ «ጥቁር» ተብሎ የተመዘገበ የሐበሻ ልጅ የሚቆጠረው ከአፍሪካ አሜሪካውያን ልጆች ጋር ነው፤ ኮሪደር ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚሰማው መምህርም ወላጆቹ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም።

ሌላው፣ በእኔ እምነት ብዙ ክርክር ያስረታን፣ መቶኛ ብቻ ይዞ መሟገት ነው። ተጠሪነቱ ለኮንግረስ የሆነው የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2013–14 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከትምህርት ገበታ ከታገዱት ውስጥ ግን 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ። ይህን የሰማ ኃላፊ «የሚያጠፉት እነሱ ከሆኑስ?» ብሎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ልጁ በምን እንደተከሰሰ መመርመር ግድ ነው። ተመራማሪው ራስል ስኪባና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ነጭ ተማሪዎች ወደ ርዕሰ መምህር ቢሮ ይላኩ የነበረው ይበልጡን እንደ ማጨስና ንብረት ማበላሸት ባሉ በዓይን በሚታዩ ጥፋቶች ሲሆን፣ ጥቁሮቹ ግን አክብሮት አላሳየም፣ ይጮኻል በመሳሰሉ በመምህሩ ግምት በተመሠረቱ ክሶች ነበር። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን የተከታተለው የ2011 የቴክሳስ ጥናትም የክፍለ ግዛቱ ሕግ የግድ ያዘዛቸው ቅጣቶች 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል፤ የቀሩት በትምህርት ቤቱ ሰዎች ፈቃድ የተወሰኑ ናቸው፤ ጥያቄያችን ማነጣጠር ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

መምህር እንደ ወላጅ በሚከበርበት ባህል ያደግን ወላጆች ደግሞ የቅጣቱን ሰነድ ሳናነብ እንፈርማለን። የፌዴራል ሕግ የልጃችንን መዝገብ የማየት መብት ሰጥቶናል፤ ትምህርት ቤቱም ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። የተከሰሰውን ልጅ ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ ስብሰባ መግባትም አይገባም፤ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ወላጅ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ሕግ ሲሻሻል ሥራው እንዳለቀ መቁጠርም ያሳስተናል። ካሊፎርኒያ «ሆን ብሎ አለመታዘዝ» በሚል ክስ ትንንሽ ልጆችን ማገድን በ2014፣ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ደግሞ በ2023 በወጣ ሕግ ከልክላለች፤ በአንጻሩ የፌዴራል መንግሥት በ2014 ያወጣውን የፍትሐዊ ቅጣት መመሪያ በ2018 መልሶ ሽሮታል። እገዳ በተከለከለበት ቦታም ቢሆን «ዛሬ መጥታችሁ ውሰዱት» የሚል የስልክ ጥሪ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ መዝገብ ላይ ላይሰፍር ይችላል። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ወላጅ «ይህ እገዳ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።