ኤክስ የተደረገበትን መልስ እንዴት ማስተማሪያ ማድረግ ይቻላል?

ፈተና ሲመለስ ክፍሉን የሚሞላው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አመጣህ?» ማርኩ ከታየ በኋላ ወረቀቱ ታጥፎ ቦርሳ ይገባል። የተሳሳተው እንደተሳሳተ ይቀራል። መምህር ከሆናችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ መድቡና እንዲህ ሞክሩ።

መጀመሪያ ማርኩን አቆዩት። ወረቀቱን አጭር አስተያየት ጽፋችሁበት መልሱ፤ ቁጥሩ ለነገ ይደር። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ይህንኑ ፈትሻለች። አስተያየት ብቻ ያገኙት በፍላጎትም በውጤትም በልጠው ተገኙ። ማርክ ሲጨመርበት ጥቅሙ ጠፋ። ስልሳ ተማሪ ላለው ክፍል ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። «ሁለተኛውን መስመር እንደገና እይ» ብሎ መጻፍም ይበቃል።

ቀጥሎ ብዙዎች የሳቱትን አንድ ጥያቄ ምረጡ። የማንንም ስም ሳትጠሩ ስህተቱን እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦

1/2 + 1/3 = 2/5

ትክክለኛውን ለመናገር አትቸኩሉ። «ይህን የጻፈ ልጅ ምን አስቦ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ታገሡ። አንዱ እጁን ያወጣል፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው ይላል። ልክ ነው። ልጁ በግምት አልጻፈም፣ ሕግ ተከትሏል። ክፍልፋይ ሲባዛ እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ሲደመር ግን አይሆንም። ይህ ሳይነገረው ትክክለኛውን መልስ ቢገለብጥ ያው ሕግ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አሁን መልሱን ራሳቸው ይፈትኑት። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ቢጨመር ከግማሽ ያንሳል? 2/5 ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። እዚህ ጋ ክፍሉ ይስቃል። በመልሱ ይሳቁ፤ በልጁ የሚያሾፍ ካለ ግን እዚያው አስቁሙት፣ አለዚያ ሁለተኛ እጅ የሚያወጣ አታገኙም። ከዚያ ታህቱን 6 አድርገው ይሥሩት፦ 3/6 + 2/6 = 5/6።

ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ ስህተት ላይ ይሥራ። ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምን መለስኩ፣ ያኔ ለምን ትክክል መሰለኝ፣ የቱ ጋ ሳትኩ። ዋናው መካከለኛው ነው። «ተቻኩዬ ነው» የሚል መልስ በቀላሉ አትቀበሉ፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ማምለጫ ነው።

ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ቀይራችሁ ጠይቁ፦ 1/4 + 2/5። መልሱ 13/20 ነው። 3/9 ብሎ የጻፈ ካለ ባለፈው ሸምድዶ ነው ያለፈው። ከእሱ ጋር ታህት ምን እንደሚቆጥር ከማሳየት ጀምሩ።