ዕፅዋት፣ ሆርሞንና የኦቫሪ ካንሰር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት ሴት የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዋ ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት ቀን ጀምሮ ቤቷ በምክር ይሞላል። ጎረቤት ተልባ ወቅጣ ትመጣለች፤ ውጭ አገር ያለች እህት የእርድ እንክብል ትልካለች፤ ሌላው ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ያቀርባል፤ በስልኳ ደግሞ «ሆርሞን ስላለው አኩሪ አተር እንዳትነኪ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ከልብ አዝነው፣ እንድትድንላቸው ጓጉተው ነው። ነገር ግን ከምክሩ የተወሰነው ከንቱ ተስፋ፣ የተወሰነው ከንቱ ፍርሃት፣ ጥቂቱ ደግሞ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ የኦቫሪ ካንሰርን አንድ በሽታ አድርጎ መቁጠር

«ይህ ተክል ለኦቫሪ ካንሰር ይበጃል» ሲባል አስቀድሞ የሚጠየቀው «ለየትኛው?» የሚለው ነው። ከኦቫሪ ካንሰሮች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፍጥነት የሚያድገው ሴረስ የተባለው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነት ካንሰር መለያ ፒ53 የተባለው ዘረ መል መበላሸቱ ሲሆን፣ ሕክምናውም በዋናነት በቀዶ ጥገናና በኬሞቴራፒ ላይ የተመሠረተ ነው። በዝግታ የሚያድገው ሴረስና ኢንዶሜትሪዮይድ የሚባለው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ኤስትሮጂን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ተቀባይ ያላቸው ስለሆኑ፣ እንደ ሌትሮዞልና ታሞክሲፌን ያሉ የሆርሞኑን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች ሊታዘዙላቸው ይችላሉ። ግራኑሎሳ የተባለው እምብዛም የማይታይ ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ኤስትሮጂን ያመነጫል፤ ካረጠች ዓመታት ያለፏት ሴት ድንገት ደም የሚታያት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሆርሞን ስለሚመስሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ከመነጋገር በፊት የፓቶሎጂ፣ ማለትም የዕጢው ናሙና ምርመራ፣ ውጤቱን ወረቀት መመልከት ይገባል። የዕጢው ዓይነት ምንድን ነው? የኤስትሮጂን ተቀባይ ምርመራ ተደርጓል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሐኪሙን ሳይጠይቁ የጎረቤትን ልምድ መከተል የሌላ ሰው በሽታን መድኃኒት እንደመውሰድ ነው። በእኛ ዘንድ ሌላም መደበላለቅ አለ፤ «የማህፀን ካንሰር» በሚለው የወል ስም ሥር የማህፀን በር ካንሰርና የኦቫሪ ካንሰር አንድ ላይ ይጠራሉ። የማህፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ለእርሱ የሚደረገው ቅድመ ምርመራም ኦቫሪን አያሳይም።

ሁለተኛው ስህተት፦ ኤስትሮጂን የሚመስለውን ሁሉ ኤስትሮጂን ነው ብሎ መፍራት

አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን ከሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ጄኒስታይን አለ፤ ቅርጹ ከኤስትሮጂን ጋር ስለሚመሳሰል በኤስትሮጂን ተቀባዮች ላይ መቀመጥ ይችላል። «ካንሰርን ይመግባል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 የስዊድን ተመራማሪዎች ቤታ የተባለውን ሁለተኛውን የኤስትሮጂን ተቀባይ ይፋ ካደረጉ ወዲህ ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ታውቋል። አልፋ የተባለው ተቀባይ ህዋሳት እንዲባዙ የሚገፋፋ ሲሆን፣ ቤታ ግን በብዙ የላቦራቶሪ ጥናቶች ላይ መባዛቱን ሲገታ ታይቷል፤ ጄኒስታይን ደግሞ ይበልጥ የሚያዘነብለው ወደ ቤታ ነው። ኃይሉም ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ኤስትሮጂን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። የሴቶችን አመጋገብ የተከታተሉ ጥናቶችም አኩሪ አተርን እንደ ምግብ የሚበሉ ሴቶች በዚህ የተነሣ ለኦቫሪ ካንሰር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አላሳዩም።

ይህ ግን ስለ ምግቡ የተነገረ ነው። ከአኩሪ አተር ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጠው አይሶፍላቮን በመጠኑም ሆነ በአወሳሰዱ ከምግቡ ስለሚለይ፣ በተለይ ሆርሞንን የሚገታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ያለ ሐኪሟ ፈቃድ ልትጀምረው አይገባም። በጾም ወራት «ሽሮውስ?» ብለው ለሚጨነቁ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ያላቸው አይሶፍላቮን ከአኩሪ አተር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በኬሞቴራፒ የደከመ ሰውነት ደግሞ ፕሮቲኑን ይፈልገዋል።

አብሽም በዚሁ መንገድ ይታማል፣ ይወደሳልም። በውስጡ ያለው ዲዮስጄኒን የሆርሞን መሥሪያ ጥሬ ዕቃ መሆኑ እውነት ነው፤ ኬሚስቱ ራስል ማርከር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ ከዱር ቦዬ ካወጣው ዲዮስጄኒን ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴቶች ሆርሞን ሠርቷል። ነገር ግን ይህን ያደረገው በላቦራቶሪ፣ በተከታታይ ኬሚካላዊ ሂደቶች ነው። የሰው አካል ይህን ለውጥ የሚያከናውንበት ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ አብሽ መጠጣት ፕሮጄስትሮን መውሰድ አይደለም።

ሦስተኛው ስህተት፦ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሆነውን በሰው ላይ እንደሆነ መውሰድ

«እርድ የኦቫሪ ካንሰርን ህዋስ ገደለ» የሚለው ዜና ሐሰት ላይሆን ይችላል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ህዋሳትን በእርግጥ ይገድላል። ጥያቄው በምን ያህል መጠን የሚለው ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር የሚደርስ ክምችት ነው። በታይዋን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ታካሚዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ውጠው በደማቸው የታየው ከፍተኛው ክምችት ግን 2 ማይክሮሞላር እንኳ አልሞላም፤ አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታልና። አሁን ወደ ማጀት እንመለስ። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው፤ 8 ግራም ለማግኘት ከሩብ ኪሎ በላይ እርድ በየቀኑ መብላት ያስፈልጋል ማለት ነው። በአልጫ ወጥ ላይ የምትነሰነሰው አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ለጣዕምና ለመልክ ናት፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከእርሷ መጠበቅ አይገባም።

በሳህንና በሰው መካከል ያለውን ርቀት የአረንጓዴ ሻይም ታሪክ ያሳያል። በቻይና ሻይ የሚጠጡ ሴቶች በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ በመታየቱ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በካናዳ፣ በኩቤክ፣ ሕክምናቸውን ጨርሰው በሽታው የጠፋላቸው 16 ሴቶች በየቀኑ ግማሽ ሊትር በጣም ጠንካራ አረንጓዴ ሻይ እንዲጠጡ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲታተም ከ18 ወራት በኋላ በሽታው ያልተመለሰባቸው 5 ብቻ ነበሩ፤ ሙከራውም ተስፋ የለውም ተብሎ ቆመ። የመጀመሪያው ዜና ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁለተኛውን የሚያሠራጭ ግን አላየሁም።

አራተኛው ስህተት፦ ተልባ ለማንም፣ በማንኛውም ጊዜ አይጎዳም ማለት

ከሁሉም ዕፅዋት በዚህ ጉዳይ ላይ ልብን የሚያሞቅ ማስረጃ ያለው ተልባ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ ምናልባትም ያለ ዕረፍት እንቁላል ስለሚጥሉ፣ በዕድሜያቸው መግፋት እንደ ሴቶች በራሳቸው ጊዜ የኦቫሪ ካንሰር ይይዛቸዋል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ተመራማሪዎች ከመኖአቸው ከመቶ 10 እጁን ተልባ አድርገው ለአንድ ዓመት መገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ካንሰሩ የያዛቸው ዶሮዎች ቁጥር ብዙም አልተለየም፤ የበሽታው ክብደት ግን ቀንሶ ተገኘ። ይህ በዶሮ ላይ የተገኘ ነው፤ በሽታው በያዛት ሴት ላይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት የለም።

የተልባው አሠራርም በሰዎች መካከል ይለያያል። ሊግናን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አይሠሩም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ኢንተሮላክቶን ወደሚባል ደካማ ኤስትሮጂን መሰል ነገር ሲለውጧቸው ነው ጥቅም ላይ የሚውሉት። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ አንቲባዮቲክ የወሰደች ሴትም እነዚህ ባክቴሪያዎች ስለሚቀንሱባት የምታገኘው ያነሰ ይሆናል።

አደጋውን ለማየት ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የተቆላውን ተልባ ወቅጠው ውኃ ሲጨምሩበት ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሚዝለገለግ ወፍራም ነገር ይሆናል፤ ማንኪያውን ሲያነሡት እየተጎተተ ይከተላል። ይኸው ነገር አንጀት ውስጥም ውኃ ስቦ ያብጣል። ለጤነኛ ሰው የሆድ ድርቀትን ያላላል፤ ነገር ግን የኦቫሪ ካንሰር ሲሰፋ ብዙ ጊዜ አንጀትን ከውጭ ይጫናል፣ ያጠባል። ሆዷ የተነፋ፣ የምታስመልስ፣ ሰገራና ጋዝ የተከለከለባት ሴት «ድርቀት ነው» ተብሎ ተልባ ቢሰጣት የጠበበውን አንጀት መድፈን ይሆናል፤ እርሷ በዚያች ቀን የሚያስፈልጋት ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የሌላትም ብትሆን ተልባው የመድኃኒቱን ወደ ደም መግባት እንዳያዘገይ፣ የሚዋጡ መድኃኒቶችን ከተልባው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አርቃ ብትወስድ ይሻላል።

አምስተኛው ስህተት፦ ተክል ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም ብሎ ማመን

የእርድ እንክብል ሻጮች ኩርኩሚን በደም ውስጥ እንደማይቆይ ስለሚያውቁ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ የሚገኘውን ፓይፐሪን ይጨምሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገ ጥናት 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን የኩርኩሚንን ወደ ደም መግባት 20 እጥፍ አሳድጎታል። ለማስታወቂያው ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው ጉበትና አንጀት ባዕድ ነገሮችን የሚያስወግዱባቸውን ኢንዛይሞች በመግታት ስለሆነ፣ በእነዚያው ኢንዛይሞች የሚወገዱ የካንሰር መድኃኒቶችንም ይነካል። ታሞክሲፌን በሚወስዱ 16 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ በኔዘርላንድስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ኩርኩሚን ከፓይፐሪን ጋር ሲወሰድ ታሞክሲፌን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሆነውና ዋናውን ሥራ የሚሠራው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ከመቶ 12 እጅ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ለኦቫሪ ካንሰር የሚሰጡት ፓክሊታክሴልና ኦላፓሪብም ሲወገዱ በዚያው የኢንዛይም ቤተሰብ በኩል ስለሚያልፉ፣ ጥንቃቄው ለእነርሱም ይሠራል። በወጥ ውስጥ ያለ ቁንዶ በርበሬ አያሳስብም። የሚያሳስበው እንክብሉ ነው።

በተጨማሪም የተጨመቀ እርድ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብልና ብዙ አብሽ ደም የመርጋት አቅምን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ከቀዶ ጥገና በፊት መቼ መቆም እንዳለባቸው ቀዶ ሐኪሙ መጠየቅ አለበት።

ስድስተኛው ስህተት፦ «ኬሚካሉን ትቼ ወደ ተክል ልመለስ» ማለት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎች የሚሸሹት ኬሞቴራፒ ራሱ ከተክል የመጣ ነው። ፓክሊታክሴል የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚበቅለው ዪው ከተባለ ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰበሰበ፤ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የንጥረ ነገሩን ቅርጽ በ1971 አሳተሙ፤ ሱዛን ሆርዊትዝ በ1979 የህዋስን መከፋፈል እንዴት እንደሚያስቆም አሳየች፤ በ1992 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ ለኦቫሪ ካንሰር ተፈቀደ። ከ10,000 ኪሎ ግራም ቅርፊት የሚወጣው 1 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለነበር፣ ኋላ ላይ ከሌላ የዪው ዝርያ ቅጠል በሚገኝ ንጥረ ነገር መሥራት ተጀመረ። በውኃ ስለማይሟሟም የሚሟሟበት ፈሳሽ የተዘጋጀው እኛ ምጣድ ከምናሰስበት ከጉሎ ዘይት ነው፤ ታካሚዎች መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው በፊት የአለርጂ መከላከያ የሚሰጣቸውም በአብዛኛው በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ነው። ሌላው የኦቫሪ ካንሰር መድኃኒት ቶፖቴካንም መነሻው የቻይና ዛፍ ነው።

ታዲያ ዛፉን አፍልቶ መጠጣት ለምን አይበቃም? ዪው መርዛማ ዛፍ ነው፤ ልብን ያቆማል። በአገራችን የሚበቅለው ጥድም ዪው አይደለም። መድኃኒት ያደረገው የ30 ዓመት ሥራ ነው፦ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ማውጣት፣ በሚሊ ግራም መለካት፣ በየስንት ቀኑ በደም ሥር እንደሚሰጥ በሴቶች ላይ መፈተን።

ሰባተኛው ስህተት፦ ከሐኪም መደበቅ

ብዙ ሴቶች እንዳይቆጧቸው ፈርተው፣ ወይም «ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብለው አይናገሩም። አንዲት እናት ከብዙ ማግባባት በኋላ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉ አይቻለሁ፤ ሦስት ብልቃጥ እንክብል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄትና ስሙን እርሳቸውም የማያውቁት ሥር ነበረበት። ጉበታቸው ለምን እንደተቆጣ የደም ምርመራው ለሳምንታት ሲጠይቅ ቆይቶ ነበር።

ስለዚህ ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ዕቃውን ራሱን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። በአንድ ወረቀት ላይም ስሙን፣ በቀን ስንት ጊዜና በምን ያህል እንደሚወስዱ፣ ከመቼ እንደጀመሩና ከኬሞቴራፒው በፊት ወይም በኋላ ስንት ቀን እንደወሰዱት ይጻፉ። ስሙን የማያውቁትን ሥር ወይም ቅጠል ደግሞ በንጹሕ ላስቲክ አድርገው ያሳዩ፤ ሐኪሙ እስኪያየው ድረስም አይውሰዱት።