የሚጥሚጣ ቅባት ለጉልበትና ለጣት ቁርጥማት፦ እቤት እንዴት ይሠራል?

ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። የቅባቱ አሠራር በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው። ፋርማሲ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠው የካፕሳይሲን ክሬም ብዙ ጊዜ ከ0.025 እስከ 0.1 በመቶ ነው፤ በ100 ግራም ክሬም ውስጥ ከ25 እስከ 100 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። እቤት የሚሠራው ቅባት የሚበላሸው በአብዛኛው ሚጥሚጣው አንሶበት ሳይሆን በዝቶበት ነው፤ «ካላቃጠለ አይሠራም» ተብሎ እፍኝ ሙሉ ሲጨመርበት ቁርጥማቱ እንዳለ ሆኖ ቆዳው ይላጣል።

ደግሞም የሚሠራው ቅባት ነው እንጂ ክሬም አይደለም። ክሬም ውስጥ ውሃ አለ፤ ውሃ ያለበት ነገር መከላከያ ካልተጨመረበት በቀናት ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ የሬት ፈሳሽም ሆነ እርጥብ ዝንጅብል አይግባበት። ነጭ ሽንኩርትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ጥሬው ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ያቆስላል።

የሚያስፈልገው

10 ግራም ንጹህ የሚጥሚጣ ዱቄት (ልክክ ያለ 4 የሻይ ማንኪያ ገደማ)፣ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 30 ግራም የንብ ሰም። ከተፈለገ 5 ግራም የደረቀ ዝንጅብል ዱቄትና 20 ጠብታ የባህር ዛፍ ዘይት። ዝንጅብሉ ለሽታና ለትንሽ ሙቀት ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሚጥሚጣው ነው። እርድ መጨመር የሚወዱ አሉ፤ አንሶላና ነጠላ ላይ የሚተወው ቢጫ ግን በሳሙና አይለቅም።

ሚጥሚጣውን ተፈጭቶ ከተዘጋጀው አትግዙ። ለማዕድ የሚሸጠው ጨው፣ ኮረሪማና ቅርንፉድ የገባበት ነው፤ ጨው ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ቅባቱ ሲታሽ ቆዳ ይፍቃል፣ በዚያ ላይ የሚጥሚጣውን ትክክለኛ መጠን ማወቅ አይቻልም። የተዘጋጀ በርበሬም በዚሁ ምክንያት አይሆንም። መርካቶ ገብታችሁ ያልተፈጨ የደረቀ ዛላ ግዙ። ደማቅ ቀይ፣ ሲነቀነቅ ፍሬው የሚንኳኳ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ይሁን። የሚለመጥ ከሆነ እርጥበት አለው፤ ጥቁር ነጥብ ካለበት ሻግቷል። የማረቆ በርበሬ ለወጥ ግሩም ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ማቃጠሉ ለስላሳ ስለሆነ መጠኑን ያዛባል። የዛላውን ጭራ አንስታችሁ በትንሿ የቡና መፍጫ ፍጩት። መስኮት ይከፈት፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ መፍጫው ከቆመ በኋላ አቧራው እስኪሰክን 5 ደቂቃ ሳይከፈት ይቆይ። ያ መፍጫ ከዚያ በኋላ ለቡና እንደማይመለስ ቀድማችሁ እወቁት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከሚጥሚጣው ክብደት ግማሽ በመቶው ካፕሳይሲን ነው ብንል፣ ከ10 ግራም 50 ሚሊግራም ይወጣል። ዘይቱና ሰሙ ተደምረው 260 ግራም ገደማ ስለሚሆኑ ቅባቱ 0.02 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ከፋርማሲው ዝቅተኛ መጠን ጥቂት ያንሳል። ሚጥሚጣው ከተገመተው እጥፍ ቢያቃጥል እንኳ ከፋርማሲው ክልል አይወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከዚህ አይለፍ።

ዘይቱ የሱፍ፣ የሰሊጥ ወይም የወይራ ይሁን። የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ ራሱ ስለሚረጋ ቅባቱን እንደ ቅንጬ ያደርገዋል። ኑግ ሽታው ይከብዳል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቂቤ በባህላችን ለእሽት የተለመደ ቢሆንም ያልተነጠረው ውሃ አለበት፣ የተነጠረውም ሲቆይ ይሸታል።

ሰሙን ማርና ሰም ከሚሸጡ ነጋዴዎች ታገኛላችሁ። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍ ካገኛችሁ ርካሽ ነው፤ ግን መጣራት አለበት። ውሃ ውስጥ አቅልጡት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ይረጋል፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ፍቃችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ሁለት ቀን በደንብ ይድረቅ። የጧፍና የሻማ ስብርባሪ ማቅለጥ አቋራጭ ይመስላል፤ ፓራፊንና ቀለም ሊኖርበት ስለሚችል ይቅር።

ማውጣት

ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውሃ አፍሉና በላዩ ደረቅ የብረት ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። ዘይቱንና የሚጥሚጣውን ዱቄት (የዝንጅብል ዱቄት ካለም አብሮ) እሱ ውስጥ ጨምሩ። እሳቱን ቀንሱት፤ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው እያማሰላችሁ ጠብቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዘይቱ ከዚያ በላይ ስለማይግል ሚጥሚጣው አያርም። በቀጥታ ከሰል ወይም ስቶቭ ላይ ከተጣደ ግን ዱቄቱ ከሥር ያርራል፣ ጭሱም ግቢውን ሁሉ ያስነጥሳል። ቅባቱ የተቃጠለ መሽተት ከጀመረ ማዳኛ የለውም፣ ድፉት።

ውሃ ሲያልቅ በዳር በኩል ሞቅ ያለ ጨምሩ። እንፋሎቱ ክዳን ላይ ተጠራቅሞ ዘይቱ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ሳህኑን አትክደኑት።

ማጥለል

አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የሻይ ማጥለያ ደቃቁን ዱቄት አይይዝም፤ ያለፈው ብናኝ ከቅባቱ ሥር ይቀመጥና መጀመሪያ የተቀባው ለስላሳ፣ የብልቃጡ መጨረሻ ግን የሚለበልብ ይሆናል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ አቃጠለኝ» የሚያሰኘው ይኸው ነው። ታጥቦ በደንብ የደረቀ አቡጀዲ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ወንፊት ላይ አንጥፉ። ዘይቱን ለብ እያለ አፍስሱትና በራሱ ይንጠብጠብ። ጨርቁን አትጭመቁት፤ የተጨመቀው ደቃቁን ይዞ ይወርዳል፣ እጅንም ያነዳል።

የወረደው ዘይት በብርጭቆ ዕቃ ተከድኖ ይደር። ጠዋት ከላይ ጥርት ያለ ብርቱካንማ ዘይት፣ ከሥር ስስ ዝቃጭ ይታያል። ከላዩ ብቻ በቀስታ ቅዱ። ደፍርሶ ካደረ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ መልሳችሁ በውሃ ላይ አሙቁት።

ማርጋት

ጥሩውን ዘይት ከሰሙ ጋር መልሳችሁ በውሃ ላይ አሙቁ። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ አይፈጅም። ከእሳት ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አርጉና በጣት ሞክሩት። ከጠነከረ ዘይት፣ ከፈሰሰ ጥቂት ሰም ይጨመር። በዚህ ብርድ፣ በተለይ በክረምት፣ ጠንካራ ቅባት በጣት አይነሳም፤ ለስለስ ያለው ይሻላል። የባህር ዛፍ ዘይቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባል። ሰፊ አፍ ባላቸው ደረቅ ብልቃጦች ቅዱና ስምና ቀን ጻፉበት፤ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከፀጉር ቅባት ጋር ሲምታታ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

አጠቃቀሙ

መጀመሪያ የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ የምስር ፍሬ ያህል ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ሙቀትና ትንሽ መቅላት ይጠበቃል። ውሃ ከቋጠረ ግን በቃ፣ አይሆናችሁም።

ለቆዳ ቅርብ በሆኑ መገጣጠሚያዎች፣ ማለትም ጉልበትና የእጅ ጣት ላይ ይሻላል፤ ዳሌ ጥልቅ ስለሆነ ብዙ አይደርሰውም። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ በስሱ ይቀባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለበልባል፣ ነርቭ ሲለምደው ይቀንሳል፤ ማስታገሱ የሚታወቀው ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ቀን ተቀብቶ ሦስት ቀን መተው ልብለባውን ብቻ መደጋገም ነው። በ4 ሳምንት ለውጥ ካልመጣ አቁሙ።

ገላን በሙቅ ውሃ ከመታጠብ አንድ ሰዓት በፊትም ሆነ ወዲያው በኋላ አይቀባ። በላዩ ጥብቅ ፋሻ ወይም የሞቀ ውሃ ኮዳ አይደረግበት። በጓንት ቀቡ፤ የላቴክሱን ካፕሳይሲን እየቆየ ስለሚያልፈው ናይትራይል የሚባለው ይሻላል። ለጣት ቁርጥማት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እጅ ይታጠብ፣ እስከዚያ ዓይን አይነካ፣ ሕፃን አይታቀፍ። ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፤ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ታሽቶ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ዘይት ሳይሆን ብዙ ንጹህ ውሃ ነው።

የቆሰለ ቆዳ ላይና ለልጆች አይሆንም። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘው ሰው ቃጠሎው ስለማይሰማው እግሩን አይቀባ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ እናትና አባት ካሉ ሳል ሊብስባቸው ስለሚችል አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ብልቃጡን ተዉትና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ውስጡ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል።

ቅባቱ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ሁልጊዜ በደረቅ ጓንት ወይም በደረቅ ማንኪያ እየተነሳ፣ 6 ወር ገደማ ይቆያል። የቆየ ኑግ መሽተት ሲጀምር ዘይቱ ተበላሽቷል። አቡጀዲው ላይ የቀረውን አተላ ደግሞ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት፤ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ከተደፋ በማግስቱ ሳህን የሚያጥበው ሰው ያለቅሳል።