ዌይትሊስት ወረፋ አይደለም

ያመለከታችሁበትን የአሜሪካ ኮሌጅ ፖርታል፣ ማለትም ውጤት የሚታይበትን ድረ ገጽ፣ ስትከፍቱት እንኳን ደስ አላችሁ አይልም፣ እናዝናለንም አይልም። ዌይትሊስት ይላል፤ ገና አልተቀበልናችሁም፣ ቦታ ከተገኘ ግን ልንጠራችሁ እንችላለን ማለት ነው። እውነት ለመናገር ከእምቢታ ይልቅ ይሄ ያናድዳል፤ እምቢ የተባለ ሰው ቢያንስ ቁርጡን ያውቃል።

ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ተጠባባቂዎቻቸውን በተራ ቁጥር አይደረድሩም። ስለዚህ «ስንተኛ ነኝ?» ብሎ ኢሜይል መላክ ትርፉ ድካም ነው። እንደ ኳስ ተጠባባቂ ወንበር አስቡት፤ በረኛ ሲጎዳ አሰልጣኙ አጥቂ አያስገባም። ኮሌጁም የተቀበላቸው ልጆች መልስ ከሰጡ በኋላ ነው የጎደለውን የሚያየው፦ የትኛው ትምህርት ክፍል ሳሳ፣ ከየትኛው አካባቢ ሰው አነሰ። ያንን ከውጭ ሆናችሁ ልታውቁት አትችሉም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያዙ። ከተቀበሏችሁ ኮሌጆች አንዱን መርጣችሁ እስከ ቀነ ገደቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሜይ 1 ነው፣ ዲፖዚት፣ ማለትም የቦታ መያዣ ገንዘብ፣ ክፈሉ። በኋላ ዌይትሊስቱ ከተሳካ ያ ብር አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፣ ግን ሜዳ ላይ ከመቅረት ይሻላል። ሁለት ኮሌጅ ዲፖዚት መክፈል ግን አይሆንም፤ ከታወቀ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። አንዱ ጋ ከፍሎ ሌላው ጋ ዌይትሊስት ላይ መቆየት ምንም ችግር የለውም።

ቀጥሎ ፖርታሉ ላይ «እቆያለሁ» የሚለውን መሙላት። ብዙ ልጅ ይሄን ይዘለዋል፣ ደብዳቤው ስለደረሰው ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ እናንተ ለኮሌጁ የምትጽፉት ደብዳቤ፣ አሁንም እንደምትፈልጉት የሚናገረው። መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ፤ «ምንም አትላኩ» የሚል ኮሌጅ አለ፣ እሱ ካለ አለቀ፣ አትላኩ። የሚፈቅድ ከሆነ ግን ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ኮሌጃችሁ በዓለም የታወቀ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ እነሱ ያውቁታል። ማመልከቻው ላይ ያለውንም አትድገሙ። ካመለከታችሁ ወዲህ የተፈጠረ ነገር ነው የሚፈለገው፦ አዲስ ውጤት፣ የጀመራችሁት ሥራ፣ ያለቀ ፕሮጀክት። «የማስጠናቸው ልጆች አምስት ነበሩ፣ አሁን 14 ደርሰዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር «ትጉህ ነኝ» ከሚል አንድ ገጽ ይበልጣል። ከጠራችሁኝ በእርግጠኝነት እመጣለሁ ማለት ትልቅ ክብደት አለው፣ ግን ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚባለው፣ ያውም እውነት ከሆነ። የጓደኛን ስም አንስቶ «እሱ እንኳን ገብቷል» ማለት? በጭራሽ።

የትምህርት ቤታችሁ ካውንስለርም ለኮሌጁ ቢጽፍላችሁ ጥሩ ነው። እና ግሬዳችሁን ጠብቁ፤ የመጨረሻው ሴሚስተር የሚታየው አሁን ነው።

ስለ ገንዘብ ሳትጠይቁ «እመጣለሁ» አትበሉ። በመደበኛው ዙር የቤተሰብን አቅም ሳያዩ የሚቀበሉ አንዳንድ ኮሌጆች ወደ ዌይትሊስት ሲመጡ ያያሉ፣ የቀረው እርዳታም ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ጻፉና ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ዕድሉን መገመት ከፈለጋችሁ ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡትን «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል የመረጃ ሰነድ ፈልጉና ሲ2 (C2) የሚለው ክፍል ላይ ሂዱ። ስንት ልጅ ዌይትሊስት ተባለ፣ ስንቱ እቆያለሁ አለ፣ ስንቱ ገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አለ። ግን የሦስት አራት ዓመቱን እዩ፤ አንድ ዓመት ብዙ ልጅ የጠራ ኮሌጅ በሌላው ዓመት አንድም ላይጠራ ይችላል።

ከሜይ ጀምሮ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፣ ስፓም ሳጥኑንም እዩ። ጥሪው ሲመጣ ለመወሰን የሚሰጣችሁ ጥቂት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ ከአዲሱ ኮሌጅ አዲስ አይ-20፣ ማለትም ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ኮሌጁ የሚሰጠው ቅጽ፣ ያስፈልጋችኋል፤ የቪዛው ቀጠሮ ስለሚያጣድፍ እሺ ባላችሁበት ቀን ጠይቁ። በዚያው ቀን ዲፖዚት ለከፈላችሁበት ኮሌጅም እንደማትመጡ ጻፉ፣ እዚያም ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።