ከወሎ ተነስቶ ወደ ውጭ የአካባቢ ጥበቃ ወጣቶች ስብሰባ እንዴት ይኬዳል?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ሐይቅ ሆናችሁ ችግኝ የምትተክሉ፣ ለተፋሰስ ሥራ የምትወጡ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ መቆሸሽ የምትሟገቱ ልጆች ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ከእኛ አካባቢ አመልክተው የሚመረጡ ወጣቶች አሉ። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ከተመረጡ በኋላ መቅረታቸው ነው። የሚያስቀራቸው ወረቀት ነው። ስሙ አይገጥምም፣ ገንዘቡ አይደርስም፣ ቪዛው ይከለከላል። ስለዚህ ቀላሉን ቶሎ ቶሎ አልፌ ወረቀቱ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ የቱ ስብሰባ እንደሚሆናችሁ እወቁ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ኮፕ የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ነው። ከኮፕ ቀደም ብሎ ኮይ የሚባል የወጣቶች ጉባኤ አለ። በጉባኤው የወጣቶች ወገን ሆኖ የሚታወቀው ያንጎ የተባለ ስብስብ ነው የሚመራው። በየሀገሩም የራሱ ኮይ ይደረጋል፣ ከዚያ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ኮፕ ራሱ ሰማያዊና አረንጓዴ ዞን አለው። ድርድሩ ያለው ሰማያዊው ውስጥ ነው፣ ያለ ባጅ አይገባም። ባጁን ደግሞ ግለሰብ በራሱ አመልክቶ አያገኝም፤ ዕውቅና ያለው ድርጅት ከኮታው ላይ ነው የሚሰጠው። ባጅ የሚሸጥ ነገር አይደለም። «ከፍላችሁ ባጅ ላስወጣላችሁ» የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ ካገኛችሁ ብሎክ አድርጉት።

ሌላው አካባቢ ጥበቃን ዋና ዓላማቸው ያደረጉ የአረንጓዴ ፓርቲዎች ወጣት ክንፎች ስብሰባ ነው። ግሎባል ያንግ ግሪንስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2007 ናይሮቢ ላይ ነው የተመሠረተው። የአውሮፓዎቹ ወጣት አረንጓዴዎች ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ደግሞ ብራስልስ ነው። እዚህ ነገሩ በግልጽ ፖለቲካ ነው። ስለ ዛፍ ብቻ አይወራም። ስለ ግብር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሴቶች መብት ይከራከራሉ፣ የአቋም መግለጫም ያወጣሉ። ይህን አውቃችሁ ሂዱ።

የእኔ ምክር የመጀመሪያው ጉዞ አፍሪካ ውስጥ ይሁን ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023 ናይሮቢ ላይ ነበር፣ ሁለተኛው በ2025 እዚሁ አዲስ አበባ ተካሄደ። ኮፕ 32ም እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ተወስኗል። እዚህ ሀገር ውስጥ የምታገኙት ሰው ነገ ከውጭ የግብዣ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ነው። ፓስፖርት ላይ ያለ አንድ የመውጫና የመመለሻ ማህተምም ኤምባሲ ስትሄዱ ያግዛችኋል።

ጥሪ ሳይወጣ ፓስፖርት ያዙ

ጥሪው ወጥቶ ፓስፖርት መሯሯጥ ከጀመራችሁ አትደርሱም። የልደት ሰርተፍኬት፣ ፋይዳና የቀበሌ መታወቂያ አሰናድታችሁ አሁኑኑ አመልክቱ። ሂደቱን ራሳችሁ ኦንላይን ጨርሱት፣ ደላላ አያስፈልግም።

ዋናው ጣጣ ስም ነው። ሰይድ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል የሚጽፍ አለ፣ በአምስት የሚጽፍ አለ። ሙሐመድማ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። የትምህርት ማስረጃችሁ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳችሁ ሌላ፣ የባንክ ደብተራችሁ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ፈረንጁ ሦስት ሰው ነው የሚመስለው። ከሁሉም በፊት አንዱን አጻጻፍ ምረጡና የሚስተካከለውን አስተካክሉ። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ግን ሁሉ ነገር ፓስፖርቱን ይከተል፦ የምዝገባ ፎርም፣ ግብዣ ደብዳቤ፣ ትኬት፣ ኢንሹራንስ።

ፎርሞቹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። ታዲያ የቱን ትሞላላችሁ? ፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ታች ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። በላይኛው መስመር ከሀገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ ከሁለቱ የማዕዘን ምልክቶች (<<) በፊት ያለው ስም በዓለም ዓይን የቤተሰብ ስማችሁ ነው። የአባትም ይሁን የአያት፣ እሱን ሙሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ ከፓስፖርቱ ይገልበጥ። በቃል አትቀይሩ፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ማመልከቻው ላይ የራሳችሁን ቀዬ ጻፉ

«የአየር ንብረት ለውጥ ዓለምን እያሰጋ ነው» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ በመቶ የሚቆጠር ይመጣላቸዋል። እናንተ የምታውቁትን እነሱ አያውቁም። በልግ ሲቀር የወሎ ደጋ ገበሬ ምን እንደሚሆን፣ የሐይቅ ዳርቻ ላይ ምን እየታየ እንደሆነ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበትን ወንዝ ውሃ ከታች ያለው ሰው ለምን ለምን እንደሚጠቀምበት፣ እርከን ተሠርቶ ከብት ከተከለከለ በኋላ ጋራው ላይ ምን እንደበቀለ ጻፉ። አንድ ቦታ ምረጡ፣ ቀን ያለው ፎቶ አያይዙ፣ እናንተ በእጃችሁ የሠራችሁትን ለይታችሁ ተናገሩ። ወሎ ሲባል ብዙ የውጭ ሰው የሚያስታውሰው የ1977ቱን ረሃብ ነው። ያንን ታሪክ አንክድም፣ የእኛው ሰው ነው ያለቀው። ግን እናንተ የምትሄዱት መፍትሔ የሚሠራ ሰው ሆናችሁ ነው፣ ደብዳቤው ላይም ይህ ይታይ።

ቃለ መጠይቅ ካለ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስሉ። «14 ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት» ካሏችሁ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የስልክ ቁጥርም ስጡ።

ገንዘቡን ማን፣ መቼ ይከፍላል?

«ወጪ ይሸፈናል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዳንዱ አዘጋጅ ትኬቱን ራሱ ይቆርጣል። በተለይ በአውሮፓ ገንዘብ የሚደገፉ ብዙዎቹ ግን መጀመሪያ እናንተ ከፍላችሁ ከስብሰባው በኋላ ይመልሳሉ። የአንድ ወጣት የዓመት ደመወዝ የሚያህል ትኬት ከደሴ ሆኖ ከኪስ መክፈል አይቻልም። ተበድራችሁም አታድርጉት። ገንዘቡ ሊዘገይ ይችላል፣ ጣሪያም አለው።

ስለዚህ እንደተመረጣችሁ በዚያው ቀን ጻፉላቸው። በአጭሩ «በሀገሬ የውጭ ምንዛሬ ማግኘትም ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ መያዝም ከባድ ነው። ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱንና ማደሪያውን እናንተ በቀጥታ ብትገዙልኝ ብቻ መምጣት እችላለሁ» በሉ። አታፍሩ። ይህን ጥያቄ ከብዙ የአፍሪካ ተሳታፊዎች ይሰማሉ፣ ከጠየቃችኋቸው አብዛኛውን ጊዜ መላ ይፈልጋሉ። የቪዛ ክፍያውንና አዲስ አበባ የምታድሩበትንም አብራችሁ ጠይቁ፣ ይህ ሁልጊዜ ይረሳል።

ለግብዣ ደብዳቤ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም «ሆቴሉን ቀድመህ በዚህ አካውንት ክፈል» የሚል «ጉባኤ» ማጭበርበሪያ ነው። አንዳንድ እውነተኛ ስብሰባ ትንሽ የተሳትፎ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ግን ያለፈ ሥራው ይታያል፣ የቀድሞ ተሳታፊ ፈልጋችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ።

ቪዛው

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሸንገንን፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ ሀገሮችን የጋራ ቪዛ፣ እወስዳለሁ፣ ብዙ ስብሰባ እዚያ ስለሆነ። በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ጀርመን፣ ቦን ላይ የሚደረገው የአየር ንብረት ድርድርም በዚሁ ቪዛ ነው የሚገባው።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፣ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ድረስ። ውሳኔው ለሌላው በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፣ ለኢትዮጵያውያን ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ከዚህ ሁሉ በላይ የቀጠሮ ወረፋው አለ። ስለዚህ አዘጋጆቹን ደብዳቤውን ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጠይቁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። አሻራ ለመስጠት በአካል አዲስ አበባ መገኘት ግድ ነው።

ይህን ሁሉ አሟልቶም የሚከለከል አለ። ፋይሉን የሚያየው ሰው አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ ይህ ልጅ ይመለሳል ወይ? እያንዳንዱ ወረቀት ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለበት። አብራኝ የምትሠራ የወልድያ ልጅ ተመርጣ፣ ተጋብዛ፣ ሁሉ ተከፍሎላት ተከለከለች። ደብዳቤው ስብሰባው የሚያልቅበትን ቀን ይላል፣ ኢንሹራንሱ ከዚያ በኋላ ሌላ ሳምንት ይጨምራል፣ የትኬት ቡኪንጉ ደግሞ ሌላ ቀን ያሳያል። የሥራ ደብዳቤዋ ተቀጣሪ መሆኗን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ስለ ፈቃድ አንድም ቃል የለውም። ለመመለሷ እርግጠኛ አይደለንም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ መጣላት። በሚቀጥለው ዙር ቀኖቹን አስተካክላ፣ መሥሪያ ቤቷ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ፈቃድ ሰጥተናታል፣ በዚህ ቀን ሥራ ትገባለች» ብሎ ጽፎላት አገኘች። ልጅቷ ያችው ናት፣ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

የግብዣ ደብዳቤው ላይ እነዚህ መኖራቸውን በጣታችሁ እያስነካችሁ አረጋግጡ፦ በፓስፖርቱ እንዳለ ሙሉ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የስብሰባው ቀንና ቦታ፣ የምታድሩበት አድራሻ፣ ትኬቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል፣ ኤምባሲው ሊደውልለት የሚችል ሰው ስልክ። «ወጪዋን እንሸፍናለን» ብቻ አይበቃም። ቅጂውን አዘጋጆቹ በቀጥታ ለኤምባሲው ኢሜይል ቢያደርጉት ደግሞ የበለጠ ነው።

ከእናንተ በኩል ተማሪ ከሆናችሁ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ትምህርቱ የሚቀጥልበትን ቀን ይጥቀስ። ከሥራ ከሆነ የፈቃድ ደብዳቤ። ትዳር፣ ልጅ፣ ቤት፣ የንግድ ፈቃድ ካለ ማስረጃው ይግባ። አንድ ገጽ መግለጫ ጻፉ፦ ማን ነኝ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ ለምን ተጋበዝኩ፣ ስመለስ ምን ይጠብቀኛል። የክረምት ተከላ፣ የጥር ተፋሰስ ዘመቻ፣ የክበባችሁ ዕቅድ ሁሉ መመለሻ ምክንያት ነው።

ባንክ ላይ ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት ከዘመድ ተበድራችሁ ብዙ ብር አታስገቡ። ስቴትመንቱ ላይ በአንድ ጊዜ የገባ ብር ወዲያው ይታያል፣ ጥርጣሬ ነው የሚያመጣው። ትንሽ ብር ያለው እውነተኛ ስቴትመንት ከስፖንሰር ደብዳቤ ጋር ይሻላል። የተሠራ ወረቀት የሚሸጡ ደላሎች አሉ። ወረቀቱ ቢነቃበት ለዓመታት መዘዙ እናንተን ነው የሚከተለው።

ቪዛው ሳይመታ ትኬት አይገዛ፣ ቡኪንግ ይበቃል። ለምን ትሄዳለህ ሲሏችሁ እውነቱን ተናገሩ። የፖለቲካ ወጣቶች ስብሰባ ከሆነ የፖለቲካ ወጣቶች ስብሰባ ነው። «ለጉብኝት ነው» ካላችሁ ደብዳቤው ይቃረናችኋል።

መንገድ

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ ቢጫ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ሊዘጋም ይችላል። በረራው ነገ ሌሊት ከሆነ ዛሬ አትነሱ፤ ቀደም ብላችሁ ግቡ። በረራ ካለ ከኮምቦልቻ መብረርም ይቻላል፣ አዘጋጆቹ ትኬት ሲቆርጡ ከኮምቦልቻ እንዲያደርጉት ጠይቁ። ደብዳቤዎቹን በሙሉ አትማችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ቦሌም፣ ስትደርሱም ይጠየቃል።

እዚያ ስትደርሱ

ምግብ አያስጨንቃችሁ። ብዙ የወጣት አረንጓዴዎች ስብሰባ ሥጋ አያቀርብም፣ ስለዚህ ለጿሚውም ለሙስሊሙም ይቀላል። ብቻ ፎርሙ ላይ ጻፉት።

ያላነበባችሁትን መግለጫ አትፈርሙ። ፎቶ አልነሳም ማለት መብታችሁ ነው፣ የሚያስገድድም የለም። በኮፕ ሰማያዊ ዞን ውስጥ የጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሳይፈቅድ ሰልፍ አይደረግም፣ ባጅ ያስነጥቃል። ጎን ለጎን የሚደረጉ ትንንሽ ውይይቶች ላይ እጃችሁን አውጡና ተናገሩ፣ እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም። ስለ በልግ የሚያውቅ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ቦርዲንግ ፓሶቹን በሙሉ፣ የደሴውን የአውቶቡስ ትኬት ሳይቀር አስቀምጡ፣ በዚያው ቀንም ፎቶ አንሷቸው። ወጪ የሚመለሰው በእነሱ ነው። እንደተመለሳችሁ በሳምንቱ ውስጥ ሪፖርቱን ላኩ፣ ከዚያ ክበባችሁን ሰብስቡና ያገኛችኋቸውን ሰዎች አድራሻ፣ የደብዳቤዎቹን ናሙናና የማመልከቻችሁን ቅጂ ለሚቀጥለው ልጅ ስጡት።